የወይዘሮ ጥሩዬ ትንሽ ነገር

በሰው ንብረት ቸር የሆነ ሰው በየከተማው አይጠፋም። ለእንጅባራ የደረሷት ክብርት ወይዘሮ ጥሩዬ ናቸው። ድንች ይነግዳሉ። ዋና ሥራቸው ግን ሰኞ ሰኞ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ተፈቶ የሚወጣውን ሰው ለእኛ ማደል ነው፤ አንዱን ለዳቦ ቤቱ፣ አንዱን ለወፍጮ ቤቱ። ማንንም አያስፈቅዱም። ለሚያጉረመርም ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ "ትንሽ ነገር ናት።"

እኔ አናጢው ይኸነው ነኝ። ዘንድሮ ብቻ ሦስት ሰው አምጥተውብኛል። የመጀመሪያው መጋዜን ይዞ ጠፋ። ሁለተኛው የአልጋ እግር ቁረጥ ስለው ሦስቱን አሳጥሮ አንዱን አስረዘመ። አቤት ስላቸው፣ "እሱስ አልጠፋም" አሉኝ።

ሦስተኛው ባምላክ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የጥርባ መንደር ሰው ነው። በወሰን ተጣልቶ፣ ጠጥቶ፣ የጎረቤቱን የጋሽ ዓለምነውን ቤት አቃጥሎ ስድስት ዓመት ታስሯል። ደግነቱ ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም። አናጢነት የተማረው እዚያው እስር ቤት ሲሆን፣ እጁ ከእኔ እጅ ይሻላል፤ ይህም ሌላ ብስጭት ነው። ሚስቱና ልጆቹ እዚያው ጥርባ ናቸው፤ ጋሽ ዓለምነው ሳይታረቁት ግን መንደሩን መርገጥ አይችልም።

"ይኸነው፣ አንተና ባምላክ ለሰውዬው በር ሥሩላቸውና ይዘን እንሂድ" አሉኝ ወይዘሮ ጥሩዬ።

"በማን ጣውላ?"

"ትንሽ ነገር ናት።"

ለራሴ ቤት ያስቀመጥኩት የዋንዛ ጣውላ በር ሆነና ባጃጅ ጣሪያ ላይ ታስሮ ሄደ። ጥርባ ስንደርስ ባምላክ ለይቅርታ ድንጋይ ተሸክሞ የሰውዬው ደጅ ላይ ቆመ። ጋሽ ዓለምነው ከአጥራቸው ሳይወጡ፣ "እሳት የለኮሰ እጅ የሠራው በር ቤቴ አይገባም!" አሉ። ወይዘሮ ጥሩዬ በሩን አጥሩ ላይ አስደግፈው፣ "እሁድ እንመለሳለን" አሉ። ማንም አልጠየቀኝም።

ተመለስን። ውሻ ተለቀቀብን፤ ሱሪዬ ተቀደደ። በሦስተኛው እሁድ ዝናቡ ሲወቅጠን የሚያናግረን ጠፋ።

"እትዬ፣ ሰውዬው እንቢ ብለዋል፤ በአማርኛ ነው የተናገሩት!" አልኳቸው።

"ውሻውን ዛሬ አስረውታል፤ አላየህም?"

በአራተኛው እሁድ በሩ ከአጥሩ ላይ የለም። ፈልጠው አነደዱት ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ጋሽ ዓለምነው ወጡና ባምላክን ትክ ብለው አዩት።

"ድንጋዩን አውርድና ና" አሉት። "በርህ ጣት ያህል ሰፍቷል፤ አይገባም።"

ድንጋዩን ከባምላክ ትከሻ ያወረድኩት እኔ ነኝ። እሱም በሩን በመላጊያ ልጎ፣ አስተካክሎ ገጠመው። ጋሽ ዓለምነው ሁለት ጊዜ ከፍተው ዘጉት።

"በል ዛሬ ልጆችህ ጋ እደር። የቀረውን ነገ ሽማግሌ ፊት እንነጋገራለን።"

ወይዘሮ ጥሩዬ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው አለቀሱ። እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ባጃጁ ውስጥ ስንገባ ግን አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣

"ነገ ሁለት ሰው ይወጣል" አሉኝ።

ጮህኩ። ቦታ የለኝም አልኩ፣ ሥራ የለኝም አልኩ፣ እሁድ የሚባል ቀን ካየሁ ወር አለፈኝ አልኩ። እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጡኝ። እንጅባራ መግቢያ ላይ ስንደርስ፣

"ስንት ሰዓት ነው የሚወጡት?" አልኳቸው።