የጀሪካንና የባና ሣጥን ወደ ደብረ ብርሃን እንደ ዘመተ

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ አስፋልት ይመጣል በተባለበትና ባልመጣበት ዘመን፣ አቶ መኳንንት የብረት ኮንቴነራቸውን በሞላሌ ገበያ ራስ ላይ ተክለው ሱቅ ባደረጉ በሰባተኛው ዓመት፣ ገብሱ ተወቅቶ ውርጩ በበረታበት በወርኃ ታኅሣሥ፣ መምህር ወዳጆ ዘብሔረ መንዝ፣ ትሑተ ድምፅ፣ ፈራሄ ጉባኤ፣ የፊዚክስ መምህር፣ ለእንቁላል ዘመቱ።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነበረ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ፣ የመምህሩ አክስት፣ ዓቃቤ እንቁላል ዘሞላሌ፣ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ቤታቸውን ያቆሙት ከየመንደሩ እንቁላል እየሰበሰቡ በአውቶብስ ጣሪያ ላይ ወደ አንድ የደብረ ብርሃን ሆቴል በመላክ ነበር፤ ነገር ግን ካርቶኑን ጉም እያራሰው፣ የቆርቆሮውን ሣጥን ኮረኮንቹ እንደ ከበሮ እየደለቀው፣ በላዩም የምስር ኬሻ እየተጫነበት፣ እንቁላሉ መጥበሻ ሳያይ ተመትቶ ይደርስ ነበር። የሆቴሉም ሹም በስልክ አዋጅ አስነገሩ፤ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ነበርና ገበያው ሁሉ ሰማ። አዋጁም፦ «እትዬ ጥሩሸዋ፣ እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም። ግን ያለፈውን እንቁላል የተረከብኩት በባልዲ ነው። የፊታችን ቅዳሜም እንዲሁ ከመጣ ሌላ ሰው ይዣለሁ» የሚል ነበር። ወይዘሮዋም ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ባዶ ቅርጫታቸውን ታቀፉ፤ መምህር ወዳጆም ያን አይተው ምሳቸውን መብላት አቃታቸው።

ወእምዝ መምህሩ አሰቡ፤ ብረት ይጠነክራል ግን ይከብዳል፤ ካርቶን ይቀላል ግን ይረጥባል፤ ፕላስቲክ ብቻውን ይሰነጠቃል፤ ሱፍ ብቻውን ይተጣጠፋል፤ ሁለቱ ቢጋቡ ግን አንዱ የሌላውን ገመና ይሸፍናል። ስለዚህ የተቀደዱ ጀሪካኖችንና ከመንዝ በግ ሱፍ የተሠራ አሮጌ ባና፣ ያን ወፍራሙን ብርድ ልብስ፣ ከየቤቱ ለምነው፣ ቆራርጠው፣ በላሜራ ላይ አንዱን ባንዱ ደራርበው፣ ከሥሩ ፍም አድርገው ጀሪካኑን አቀለጡት፤ በላዩም ድንጋይ ጫኑበት። በነጋታውም ድንጋዩ ሲነሣ ባናውና ጀሪካኑ እንደ ተጣሉ ባልና ሚስት ጀርባ ተሰጣጥተው ተገኙ።

ያን ጊዜ አቶ መኳንንት፣ ባለ ብረት ቤት፣ በኮንቴነራቸው ደጃፍ ቆመው አዋጅ ነገሩ፦ «የሞላሌ ሰው ሆይ፣ የሰማህ ላልሰማው ንገር። መምህራችን በጉን ጀሪካን አልብሰውታል። ዕቃ የሚይዝ ብረት ነው፤ ይኸው ምስክሩ። ይህ ሣጥን ደብረ ብርሃን በደኅና ከገባ፣ ቀጣዩን እኔ ራሴ በጀርባዬ ተሸክሜ አውቶብሱ ላይ አደርሳለሁ።» ገበያውም ሣቀ።

መምህሩ ግን የከሸፈውን አልጣሉትም፤ የቀለጠ ደግሞ ይቀልጣልና ወደ ፍሙ መለሱት። እሳቱንም እያዩ ሳሉ ሸማኔ የነበሩ አባታቸው ትዝ አሏቸው፤ ባና ከሽመናው ዕቃ ሲወርድ እንደ ወንፊት ሣሥቶ፣ በገጠጠ ድንጋይ ላይ ትኩስ ውሃ እየፈሰሰበት በብዙ እግር ሲረገጥ እንደሚጠብቅ አሰቡ። የጎደለው ድንጋይ አልነበረም፤ እግር ነበር። ነገር ግን እግር የሚገኘው ከሰው ነው፤ ሰው ደግሞ በአፍ ይጠራል፤ የዘመቻውም አስፈሪ በር ይህ ነበር። መምህር ወዳጆ በክፍላቸው ውስጥ እንኳ ፊታቸውን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙረው የሚያስተምሩ ሰው ነበሩና።

ወበይእቲ ዕለት፣ በገበያው መካከል፣ በተደፋ የቢራ ሳጥን ላይ ወጡ። በልባቸው ያዘጋጁት ንግግር እንደ ጉም በነነ። ሊወርዱም አንድ እግራቸውን አንሥተው ሳሉ አክስታቸውን ባዶ ቅርጫት ታቅፈው ተቀምጠው አዩ። እግራቸውንም መልሰው ተከሉና አዋጅ ነገሩ። አዋጁም ሁለት ቃል ነበረ፦ «እግራችሁን አውሱኝ።»

የተከተሏቸውም ሠራዊት እነዚህ ናቸው፤ በቀኝ የስፖርት መምህሩ ማዕረግ፣ ባለ ፊሽካ፤ በግራ ዲያቆን ምንተስኖት፣ ባለ ቦቲ ጫማ፤ በመካከል ጨው ሊሸምቱ የመጡ እናቶች በኮንጎ ጫማ፤ በኋላ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ከፈተና የሸሹትም ጭምር፤ በመጨረሻም እማሆይ ወለተጊዮርጊስ፣ ባለ ማንቆርቆሪያ። በትኩሱ ጀሪካንና ባና ላይ ጣውላ ተነጠፈ፤ ሠራዊቱም በፊሽካው ልክ ረገጠ፤ የሣጥኑም ገጾች አንድ በአንድ ቀጥ ብለው፣ ጠብቀው ወጡ። ክዳኑ ሲቀር ግን እማሆይ፣ ጣውላው ገና ከመነሣቱ፣ በልጅነታቸው ለባና ያደርጉት እንደነበረው የማንቆርቆሪያውን ውሃ አፈሰሱበት። ክዳኑም ተንሿሽቶ እንደ በሬ ሻኛ ጎብጦ ደረቀ። እማሆይም አዋጅ ነገሩ፦ «ባና ሲረገጥ ውሃ ይጠጣል፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው። ከጎበጠም እናንተ ወጣቶቹ አቅኑት።» ለማቅናት ግን ጊዜ አልነበረም፤ ቅዳሜ ደርሶ አውቶብሱ ጡሩምባውን ይነፋ ነበርና፣ ሣጥኑ በብሎን ተገጥሞ፣ እንቁላሉ በገለባ ተሸፍኖ ወጣ።

ተገኘ የተባለው የአውቶብሱ ረዳትም በአንድ እጁ አንሥቶ ጣሪያ ላይ አኖረው፤ የምስሩንም ኬሻ በላዩ ጫነ፤ ኬሻው በሻኛው ላይ ተንሸራትቶ ወረደ። ደጋግሞ ቢጭን ደጋግሞ ወረደበት። ተገኘም አዋጅ ነገረ፦ «ይህ ሣጥን ጓደኛ አይወድም። ለብቻው ይሂድ።»

መምህሩም አብረው ተሳፈሩ። ወደ ጣርማ በር ሲቃረቡ አውቶብሱ ጉድጓድ ገባና ገመዱ ላላ፤ ሣጥኑም ከጣሪያው ወድቆ፣ በኮረኮንቹ ላይ ነጥሮ፣ ተንከባሎ፣ በቦይ ውስጥ ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። መምህር ወዳጆ ክዳኑን ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የአክስታቸው ባዶ ቅርጫት ታይቷቸው መክፈት ፈሩ። ሲከፍቱ ግን የሣጥኑ አንድ ጥግ ከመፈተጉ በቀር ስንጥቅ አልነበረበትም፤ እንቁላሉም፣ ከጥቂቱ በስተቀር፣ በገለባው ውስጥ እንደ ተኛ ነበረ።

የሆቴሉም ሹም በስልክ ዳግመኛ አዋጅ አስነገሩ፦ «እትዬ፣ ለሚመጣው ቅዳሜም ይላኩልኝ። ሌላውን ሰው መልሼዋለሁ።» ወይዘሮ ጥሩሸዋም ገበያው ሁሉ ይስማ ብለው ስልኩን ከፍ አድርገው ያዙ። የተፈተገው ጥግ ተቆርጦ ወደ ፍሙ ተመለሰ፤ ለሁለተኛውም ሣጥን ጥግ ሆነ፤ ክዳኑም በእማሆይ ማንቆርቆሪያ ሆን ተብሎ ጎበጠ። አቶ መኳንንትም ቃላቸውን አላጠፉም፤ ሣጥኑን ተሸክመው ከብረት ኮንቴነራቸው ደጃፍ ተነሡ፤ በመንገድ አጋማሽም ሸክሙ ቢቀላቸው ቆመው የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩ፦ «እትዬ ጥሩሸዋ፣ እንቁላሉን መክተት ረስተዋል መሰለኝ።»

እነሆ መምህር ወዳጆ፣ መዋዔ ኮረኮንች፣ የጀሪካንና የባና አጋቢ፣ የአክስቱ መከታ፣ የበግን ፀጉር እንደ ብረት ያጸና፣ የወደቀውን አንሥቶ የከሸፈውን ዳግም ያቀለጠ፤ ከተራራ ይልቅ የቢራ ሳጥን ከፍ ብሎ የታየው፣ ወጥቶም ያልወረደ፤ እግር ቢዋስ አገር የተነሣለት።