የሥራ አስኪያጁ ብሮውዘር

በሰፈራችን ዓመል የሌለው በር ያለው ቤት ያለ አይመስለኝም። «ወደ ላይ አንሣው፤ እንደዚያ! አሁን በትከሻህ ግፋው» እየተባለ የሚዘጋ በር ማለቴ ነው። እናንተም ቤት አይጠፋም፤ አትደብቁኝ። ባለቤቱ አናጺ ጠርቶ እንደማሠራት፣ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ደጃፍ ላይ አቁሞ ሲያስተምር ዓመታት ያልፋሉ። «ምነው አይሠራም እንዴ?» ብትሉት ደግሞ «ምን ሆነና? ይዘጋል እኮ!» ይላችኋል። በሩን አናሠራም፤ እንግዳውን እናሠለጥናለን። እኔ የምተዳደርበት ድረ ገጽ የመሥራት ሙያም ሲጨመቅ ይኸው ነው።

ድረ ገጽ የሚታየው ብሮውዘር በሚሉት ፕሮግራም ነው። አዲሱ ብሮውዘር የታዘዘውን ይፈጽማል። አሮጌው ግን «ሥዕሉን ከጽሑፉ ጎን አድርገው» ስትሉት አናቱ ላይ ይከምርላችኋል፤ «መሐል ላይ» ስትሉት ጥግ ይይዛል። እሱን ስናባብል ያረጀነው እኛ ነን፤ እሱማ ድሮም አርጅቷል።

የምሠራው ኮልፌ ውስጥ ሶፋና ቁም ሣጥን እያመረተ በሚሸጥ አክሲዮን ማኅበር ነው። ሥራ አስኪያጃችን ጋሽ ወርቅነህ ደግ ሰው ነበሩ፤ ከሠራተኛ ለቅሶ ቀርተው አያውቁም። ችግሩ ኮምፒውተራቸው ነው። ጥልፍ ልብስ ለብሶ ጠረጴዛቸው ላይ ይውላል። በውስጡ ያለውን ብሮውዘር የፈጠሩት ሰዎች ራሳቸው «ሞቷል፤ ተዉት» ብለው እርማቸውን ካወጡ ቆይተዋል። እሳቸው ግን መርዶውን አልተቀበሉም። ኮምፒውተሩን የገጠመላቸው ባለሙያ ሲሰናበት «ጋሼ፣ ይህን ማንም እንዳይነካብዎት» ብሏቸዋል፤ ቃሉን እንደ ኑዛዜ አከበሩት።

በዚህ መሐል መክሊት በሙከራ ተቀጠረች። እናቷ የአልጋ ቁራኛ ናቸው፤ ሌላ ጧሪ የላቸውም። ቋሚ የምትሆነው አዲሱን ድረ ገጽ ሠርታ ጋሽ ወርቅነህ ከወደዱት ነው። ልጅቱ እጇ ይባረክ፣ ሠራችው! በስልክ ከፍታችሁ ስታዩት ሶፋው ኑ ተቀመጡብኝ ይላል። ጋሽ ወርቅነህ በኮምፒውተራቸው ሲከፍቱት ግን ቤት የሚለቅ ሰው ዕቃ መሰለ። ሶፋው ቁም ሣጥኑ ላይ ወጥቷል፤ ዋጋው አልጋ ሥር ገብቷል።

«ይቺ ልጅ ዕቃችንን ምን አደረገችው?» አሉ።

«ጋሼ፣ ብሮውዘሩ አርጅቶ ነው። በስልክዎ ቢያዩት…» አልኳቸው።

«ስልክ የማወራበት ነው። እዚህ ያላማረ የትም አያምርም!»

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። እንግዲህ ምን እናድርግ? ሽማግሌ ላክን። አዎ፣ ለብሮውዘር! እኔና የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ፣ አንጋፋውን የመጋዘን ኃላፊ ከፊት አስቀድመን ገባን። «ተቀመጡ» ሲሉን «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አልን፤ ሥርዓቱ ነዋ። ጋሽ ወርቅነህ ደንግጠው «ማን ሞተ?» አሉ። ብሮውዘሩ መሆኑን ለመናገር የደፈረ አልተገኘም። ብቻ ዙሪያ ጥምጥም ሄደን፣ ኮምፒውተሩ ትንሽ እንዲታደስ ለመንናቸው። በጥሞና አዳመጡንና «ስለ እናንተ ስል ልጅቱን ይቅር ብያታለሁ፤ ገጹን ታስተካክል» አሉ። እኛም እጅ ነሥተን ተቀመጥን። ሽምግልና እንዲህ ነው፤ ጉልበተኛውን ሊለምን ይሄድና ደካማውን አስማምቶ ይመለሳል።

መክሊት ይህን ስትሰማ አለቀሰች። እኔም አፈርኩ፤ ማፈር ምን ያደርጋል እንጂ! በኋላ ዕንባዋን ጠረገችና «ለመሆኑ ያንን ብሮውዘር የሚጠቀመው ማነው?» አለችኝ።

«እሳቸው።»

«ሌላስ?»

«ማን ይጠቀመዋል ብለሽ ነው!»

ሄዳ ሁለት ገጽ ሠራች። ያ አሮጌ ብሮውዘር ሲያንኳኳ ብቻ የሚከፈት አንድ፣ ለቀረው ሕዝብ ሌላ። ጋሽ ወርቅነህ ገጻቸውን አይተው «አሁን ገና ሰው ሆነች» አሉና የቋሚነት ደብዳቤዋን ፈረሙ።

ከዚያማ ትእዛዙ ጎረፈ። ፎቶዬ ከሶፋው በላይ ይሁን አሉ፤ ሆነ። ዙሪያውን ጽጌረዳ ይከበብ አሉ፤ ተከበበ። ለክቡራን ደንበኞች ያስተላለፉት ረጅም መልእክትም ገባ። ሁሉም የሚታየው እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ደንበኛው ሶፋውን እያየ ያዝዛል፤ እሳቸው ራሳቸውን እያዩ ይደሰታሉ። ቢሮው እንደዚያ ሰላም የሰፈነበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። «ይህማ ማታለል ነው» የምትሉኝ አትጠፉም። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ አለቃ ሊጎበኝ ሲመጣ በሚያልፍበት በኩል ብቻ የሚቀባ አጥር አይታችሁ አታውቁም? እኛ ቢያንስ ቀለም አላባከንም።

ጋሽ ወርቅነህ ጡረታ ሲወጡ «ለመሸኛ ምን እንስጥዎት?» ቢባሉ ያንን ኮምፒውተር ጠየቁ፤ ከእነ ጥልፍ ልብሱ ሳንሱሲ ሰፈር ካለው ቤታቸው ገባ። መክሊት ገጹን ልታጠፋው ተነሥታ እጇ አልታዘዝ አለ። «ጠዋት ጠዋት ይከፍቱታል፤ አንጀቴን በሉት» አለችኝ። እናም ጋሽ ወርቅነህ በገጻቸው ላይ እንደ ተሾሙ ቀሩ።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ወጣት ነው። ስልኩ የመጨረሻው ሞዴል፣ ንግግሩ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ «ግልጽነት» ነው። አንድ እሑድ ጋሽ ወርቅነህን ሊጠይቅ ሄደ። እሳቸው ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ገጹን ከፍተው አሳዩታ! «ተተኪ ብታገኙም አልረሳችሁኝም፤ እግዜር ይስጣችሁ» ብለው መረቁት።

ሰኞ ጠዋት መክሊት ተጠራች። «ድርጅቱን አሞኝተሻል ብሎ ያባርረኛል። እናቴን ምን ልላት ነው?» አለችኝ። ቻርጀሯን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ አማተበችና ገባች። እኔ ደጅ ቀረሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችኝ እሷ ናት።

ሰውየው ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከረቫቱን አስተካከለ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«የጋሽ ወርቅነህን አየሁት» አላት። «የእኔስ መቼ ይደርሳል?»