ለዲጄው የተጎተተ ሙክት

እኛ ሰዎች ጉደኞች ነን። ዘፈን እንወዳለን፤ ዘፋኝ አንወድም። ሰርጉ ትንሽ ቀዝቀዝ ካለ «ምነው፣ አጫዋች ጠፋ እንዴ?» ብለን ደጋሹን እናማለን፤ ያው አጫዋች እህታችንን ልጠይቅ ብሎ ሽማግሌ ሲልክ ግን «ሥራው ምንድን ነው አላችሁ?» እያልን እንደ ደንቆሮ ጆሯችንን እናዘነብላለን። እናንተም እንደዚያው ናችሁ፤ አትዋሹኝ። ትከሻችሁ እስኪገነጠል ያስጨፈራችሁን ዲጄ ስም ታስታውሳላችሁ? ልጃችሁ ተነሥቶ «ዲጄ ልሁን» ቢላችሁስ? ይኸው፣ ዝም አላችሁ።

እኔ ዲጄ ነኝ። ሰይድ እባላለሁ። ግማሽ ዲጄ ብል ይሻላል፤ ሌላው ግማሽ አንተነህ ነው። እኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልጄ ገዳሪፍ ያደግኩ እስላም ነኝ፤ አባቴ ከጎንደር መጥተው ሱጉ፣ ማለት ገበያው መሀል የስኳርና የሻይ ቅጠል ዱካን የከፈቱ ነጋዴ ናቸው። አንተነህ ደግሞ ከመተማ ወዲያ ካለ አገር ሰሊጥ ሊያርም መጥቶ እዚሁ የቀረ ክርስቲያን ነው። የተገናኘነው በአባቴ ዱካን ደጃፍ ነው። እኔ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ለሰው ሁሉ ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን እጭን ነበር፤ እሱ የጎንደር ዘፈን ሊያስጭን መጣ። ያለኝን ትንሽ ሰማና ፊቱን ኮምተር አድርጎ «ወንድሜ፣ ይሄማ ያረጀ ያፈጀ ነው» ብሎ ከኪሱ የራሱን ካርድ አውጥቶ ሰጠኝ። ሊወስድ መጥቶ ሰጥቶኝ የሄደ ደንበኛ እሱ ብቻ ነው።

እዚህ አገር ሰርግ ድብልቅ ነው። ሙሽራው ሐበሻ ቢሆን ጎረቤቱ ሱዳናዊ ነው፤ የዐረብኛውን ዘፈን ስታበዛ ሐበሻው ተቀምጦ ሞባይሉን ይነካካል፤ እስክስታውን ስታበዛ ደግሞ ሱዳኑ ጨዋ ነውና ፈገግ እያለ ሻዩን ያማስላል። እኔ የዐረብኛውን ከነሥሩ አውቀዋለሁ፤ አንተነህ የጎንደሩን በደሙ ይዞታል። አንድ ቀን ሁለቱን ገጣጠምናቸው። ከበሮው ከበሮውን ሲያገኘው ሐበሻውም ሱዳኑም አንዴ ብድግ! ያን ጊዜ የተነሣው አቧራ እስካሁን ያረፈ አይመስለኝም። ስማችንን «ሰሊጥና ማሽላ» አልነው፤ ገዳሪፍ ከነዚህ የተሻለ ምን አላት?

የፈረንጅ ዲጄ በአውሮፕላን ይዞራል አሉ። እኛ በቦክሲ ነው የምንዞረው፤ ኋላዋ ክፍት በሆነች ፒክአፕ፣ ስፒከሩ መሀል ተኝቶ እኛ ዳር ተንጠልጥለን። ሾዋክ፣ ኒው ሀልፋ፣ ከሰላ፣ ገላባት፣ የማያውቀን ዳስ የለም። ከጦርነቱ ወዲህ ሰርጉ ሁሉ በቀን ሆኗል፤ መንገዱም ኬላ በኬላ ነው። ወታደሩ ያን የሚያህል ጥቁር ሣጥን አይቶ ዓይኑ ሲቀላ አንተነህ ወረድ ይልና ትንሽ ከፈት አድርጎ ያሰማዋል። ወታደሩ ሳቁን ለመዋጥ ይታገላል፤ ከዚያ «ያ ዞል፣ ሂዱ፣ ሂዱ!» ይለናል፤ «አንተ ሰውዬ» ማለቱ ነው። ጠመንጃ የያዘ ሰው የማያልፈውን ኬላ እኛ በከበሮ አልፈናል። እየጎረርክ ነው ካላችሁ፣ አዎ፣ እየጎረርኩ ነው። ይገባናል!

በዚህ ሁሉ ደስ ያላላቸው አባቴ ሐጂ ኑሩ ናቸው። ለሳቸው ሰው የሚያስጨፍር ሁሉ አዝማሪ ነው፤ አዝማሪ ደግሞ ለሰርግ ይጠሩታል እንጂ አይዛመዱትም። «የኔ ዘር ነግዶ ይበላል እንጂ ሰው አስጨፍሮ አይበላም» ይላሉ። እኔ ይህን በአንድ ጆሮ ሰምቼ በሌላው እያፈሰስኩ መኖር እችል ነበር፤ ዘሃራን ባልወድ። ዘሃራ የሾዋክ ልጅ ናት፤ አባቷ ሼህ ሙሳ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። ተዋደድን፤ ተማማልን። በኛ ወግ ደግሞ ሽማግሌ የሚልክ አባት ነው፤ አባት የሌለው እንኳ አባት ይለምናል። እኔም አባቴን ጉልበት ስሜ ለመንኩ።

«ሄጄ ምን ልበላቸው?» አሉኝ። «‹ልጅዎ ምን ይሠራል?› ሲሉኝ ምን ልመልስ? ያን ቃል በአፌ ማውጣት እስክችል ድረስ ሾዋክን አልረግጣትም። ኸላስ፣ አለቀ።»

ያን ቃል! «ዲጄ» ማለትን እንደ ስድብ ነበር የሚሸሹት። ዘሃራን ደግሞ ሌሎችም ማየት ጀምረዋል። «የአባትህ አፍ እስኪከፈት የኔ አባት ለሌላ ይሰጠኛል» ብላ አለቀሰችብኝ።

በዚህ መሀል ነው ባሱንዳ ወደምትባል የሰሊጥ አገር የተጠራነው። አያ ማረው የሚባሉ ትልቅ የሰሊጥ ገበሬ፣ የጎንደር ክርስቲያን፣ ሴት ልጃቸውን ይድራሉ። መቼም የዲጄ ምሳ የት እንደሚበላ ታውቃላችሁ። ከጄኔሬተሩ ጎን ነው፤ ያውም ሰው ሁሉ ከበላ በኋላ። በዚያ ላይ ሥጋችን ለየብቻ ነው። እኔ በክርስቲያን ሰርግ ሥጋ አልነካም፤ አንተነህ በእስላም ሰርግ አይነካም። ስለዚህ በየሄድንበት አንዳችን ሥጋ፣ አንዳችን ሽሮ ነን። በሚክሰሩ፣ በድምፅ መቀላቀያው አንድ ነን፤ በትሪ ግን ተለያይተናል። ባሱንዳም ሽሮዬን አስቤ ነው የሄድኩ።

ሙቀቱ ላፕቶፓችንን ገና በጧት አጠፋብን። ስልኬን በብሉቱዝ ከስፒከሩ ጋር አገናኘንና ዘፈኑን ከዚያ ለቀቅነው። ዳሱ ሲጦፍ፣ ሚዜው ሲዘል፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ ወደ ምሳ ሰዓት ግድም አያ ማረው አንድ የሰባ ሙክት በገመድ እየጎተቱ መጡና ገመዱን እጄ ላይ አኖሩት።

«እንካ፣ የኔ እንግዳ» አሉኝ። «ይሄ ያንተ ነው። ከኛ እርድ እንደማትበላ አውቃለሁ። ካራውም ይኸውልህ፤ እንደ ሃይማኖትህ ባርከህ ብላ።»

እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አይደለም፤ ደግ ክርስቲያን ለእስላም እንግዳው በግና ካራ ይሰጣል። ግን ለማን? ለባለሥልጣን፣ ለትልቅ ነጋዴ፣ ለአማች። ለአጫዋች ሙክት ሲጎተት አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝና ላብ አጠመቀኝ። እኔ የሱግ ልጅ ነኝ። እንኳን ሙክት ዶሮ አርጄ አላውቅም!

አንተነህን አየሁት። እሱ በሬ ቢሰጡት አጋድሞ ይጥላል፤ ግን እሱ ካረደው ለኔ ምን ሊሆነኝ? ሾፌራችን እስላም ነበር፤ እሱም ጎማ ሊያስጠግን ሄዷል፤ ሱዳኖቹ ጎረቤቶችም ገና አልመጡም። ሽማግሌዎቹ ቆመው ያዩኛል። አላውቅም ብል ክብሬን በገዛ እጄ መለስኩት ማለት ነው። ሙክቱን ይዤ ከዳሱ ጀርባ ዞርኩና ያለኝን አንድ መላ መታሁ፤ አባቴ ዘንድ ደወልኩ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ዝም። ዳሱ ግን ተናገረ።

«ሃሎ! አንተ ሰይድ!» አለ ዳሱ፣ በአባቴ ድምፅ፣ የባሱንዳን ቆርቆሮ ሁሉ እያንቀጠቀጠ። «ዛሬ ደግሞ ከየትኛው ሰርግ ላይ ሆነህ ነው? አዝማሪነቱ አልበቃህም?»

ያ አላህ! ዘፈኑ ተቋርጦ አባቴ በስፒከሩ ገብተዋል። በአንድ እጄ ስልክ፣ በአንድ እጄ የሚታገለኝ ሙክት፤ መዝጊያውን የቱ ጣቴ ይንካው? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል ነበር የማውቀው፤ ለካ ብሉቱዝም ያወጣዋል። ዳሱ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ሙክቱን እየጎተትኩ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። አንተነህ ጣቱን ሚክሰሩ ላይ አድርጎ ቆሟል። ዝቅ አድርገው ብዬ በዓይኔ ለመንኩት። አላደረገውም።

አያ ማረው ሙክቱን ሳላርድ ከነነፍሱ ይዤው ስመለስ አዩና ማይኩን አነሡ። «ሐጂ፣ ሰላም አለይኩም። ማረው እባላለሁ፤ የሙሽራዋ አባት ነኝ። ልጅዎን በክብር የጠራሁት እኔ ነኝ። ሙክት አስይዤው ነበር፤ ምነው ማረድ ሳያስተምሩት ላኩብኝ?»

ስፒከሩ ከዚያ ቀስ ብሎ «ሙክት? ለማን?» አለ።

«ለልጅዎ ነዋ! ለሱ ብቻ። የኔን ልጅ ሊያስደስት ከገዳሪፍ ድረስ አቧራ ቅሞ መጥቶ፣ ሽሮ አብልቼ ልሸኘው? ባሱንዳ እንዲህ አታውቅም።»

«ሰው ሁሉ ይሰማኛል እንዴ?»

«ባሱንዳ በሙሉ ይሰማዎታል፣ ሐጂ።»

ልጆች እንኳ መሮጥ አቆሙ። አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያው ስሙኝ» አሉ። «ሰይድ የኔ ልጅ ነው። ዲጄ ነው። እናንተ ያከበራችሁትን እኔ አላቀልም፤ አላህ ያክብራችሁ። መብሩክ ለሙሽሮቹ።» ቀጥለው ድምፃቸውን ለወጡ። «አንተ! ዝም ብለህ አትቁም! ካራውን ሳል። ሲሳል ግን እንስሳው እንዳያይህ። ፊቱን ወደ ቂብላ አዙረው። ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር በልና አንዴ ሳብ፤ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ!»

እንዳሉኝ አረድኩ። የባሱንዳ ክርስቲያን ሁሉ «አሜን» ብሎ፣ ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት። ኋላ አንተነህን «ለምን ዝቅ አላደረግከውም?» ብዬ ልቆጣ ስነሣ፣ «አብደሃል? ሰው እየሰማ እንዴት ይቆረጣል?» አለኝ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ነው የምሠራው።

ገዳሪፍ ስመለስ አባቴ ስለዚያ ስልክ አንድ ቃል አልተነፈሱም። «ካራው ስለት ነበረው?» ብቻ አሉኝ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ግን አንድ ጎረቤታችንን ይዘው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ሾዋክ ወረዱ። የሆነውን የነገረኝ ጎረቤታችን ነው። ሼህ ሙሳ ያንን የምንፈራውን ጥያቄ ጠየቁ። አባቴ ቀና ብለው «ዲጄ ነው» አሉ። ሼህ ሙሳም «መልካም፤ ሥራ ሥራ ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ እኔ ቤት ሙዚቃ አይገባም። መንዙማ ይበቃል» አሉ።

አባቴ ተነሥተው ቆሙ።

«ምን አሉ? የኔ ልጅ? ባሱንዳ ሙክት የተጎተተለት ልጅ በራሱ ሰርግ ለቅሶ እንደ መጣ ሰው ጉልበቱን አቅፎ ይቀመጥ? ያለ ዲጄ ሰርግ አለ እንዴ? ወላሂ፣ በሞቴ አይሆንም!»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሏችኋል እንዲህ ነው። ሽምግልናው እስካሁን ቆሟል። የቆመው በኔ ሥራ አይደለም፤ በአባቴ ሙዚቃ ነው። ዘሃራ በየቀኑ ትደውልልኛለች፤ «እኔ አባቴን ለዘብ አድርጌዋለሁ፤ ለምሳ ሰዓት ያህል ዘፈን ይፈቅዳል። ያንተ አባት ግን ሙሉ ቀን ካልሆነ ብለዋል። ለምን አትለምናቸውም?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ትናንት ልለምናቸው ቆርጬ ዱካን ሄድኩ። አባቴ ስኳር ሊገዛ የገባ መንገደኛ ይዘው፣ ስኳሩን ሳይመዝኑለት፣ «ልጄ ዲጄ ነው፤ ከሰላ ድረስ ነው የሚጠሩት፤ አጋር አለው፣ አንተነህ የሚባል፣ ምን ያለ ልጅ መሰለህ!» ይሉታል። ሰውየው መሄድ ፈልጓል፤ አባቴ አይለቁትም። በሩ ላይ ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማሁና ሳልለምናቸው ተመለስኩ። ዘሃራዬ፣ እባክሽ ትንሽ ታገሺኝ። ገና አልጠገብኩም።