ሊቀ ጠያቂያን ኃይለ ጊዮርጊስ

ወንበር ተደርድሮ ማይክ በተተከለበት ሁሉ አንድ ሰው አይጠፋም። ስብሰባው የውሃ ይሁን የጤና፣ የትምህርት ይሁን የግብር፣ ግድ የለውም። ተናጋሪው ጉሮሮውን ሳይጠርግ እሱ ጥያቄውን አዘጋጅቶ ጨርሷል፤ የሚጠብቀው ተራውን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አለ። የጎንደሩ ግን ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸውና ማዕረግም ወጥቶላቸዋል፤ ሊቀ ጠያቂያን ይባላሉ።

ሊቀ ጠያቂያን የኮላ ድባ ልጅ፣ የግብርና ቢሮ ጡረተኛ ናቸው። አፋቸውን የሚከፍቱት ሁልጊዜ «ጥያቄዬ አጭር ናት» በማለት ነው። አጭሯ ጥያቄ ከደንቢያ ሜዳ ተነሥታ፣ በጣሊያን ዘመን በኩል አልፋ፣ የአያታቸውን በሬ ጎብኝታ ወደ አዳራሹ ስትመለስ ግማሹ ሰው ሄዷል። ስለ ደም ግፊት በተሰጠ ትምህርት ላይ የጠየቁ ዕለት፣ ሐኪሙ መጨረሻ ላይ የራሱን ግፊት ለክቷል ይባላል። ፒያሳ የተከፈተ አንድ ባንክ ደንበኞቹን ሻይ ጋብዞ «አስተያየት ካለ» ቢል ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ኬኩ አለቀ፣ ሥራ አስኪያጁ ቆሞ መስማት አቅቶት ተቀመጠ፤ እሳቸው ገና መግቢያው ላይ ነበሩ። ማይኩን ከእጃቸው የሚያስለቅቅ ሰው የለም፤ ሰውን የሚገላግለው የባትሪው ማለቅ ነው።

የዩኒቨርሲቲ መምህሯ ናዝራዊት ይህን ሁሉ አሳምራ ታውቃለች፤ ጎረቤቷ ናቸው። ስለዚህ ጥናቷን የምታቀርብበትን ቀን ለሰፈሩ ሁሉ ስትናገር ከእሳቸው ደብቃለች።

ጥናቷ በኢትዮጵያ ስላሉ ካቶሊካውያን ነው። በግእዝ ሥርዐት የሚቀድሱ አሉ፣ በላቲን ሥርዐት የሚቀድሱም አሉ፤ ዜማው፣ ጾሙ፣ የበዓል አከባበሩ ከአገር አገር ይለያያል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይህ እንደማንኛውም ርእስ ያለ ርእስ ነው። ከግቢው ሲወጣ ግን «ካቶሊክ» የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር ሰው ዘሎ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ይገባል፤ ያኔ የፈሰሰው ደም ትናንት የፈሰሰ ይመስል ፊት ይጠቁራል። እናቷ እንኳ «ምነው ልጄ፣ ሌላ የሚጠና ጠፍቶ ነው?» እያሉ አዝነውባታል።

ናዝራዊትን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። አቶ ፍቅርተማርያም የሚባሉ ካቶሊካዊ ሽማግሌ አሉ፤ ቤታቸውን ከፍተው፣ ጸሎታቸውን አሰምተው፣ ዘመድ ወዳጆቻቸውን አስተዋውቀው ጥናቷን ጥናት ያደረጉት እሳቸው ናቸው። አዳራሹ እንዲመጡ ስትለምናቸው «ሰው መሀል አስቀምጠሽ እንዳታሰድቢኝ» አሏት። «በእኔ ይሁንብዎ» ብላ ቃል ገባች። ቃሏ ከታጠፈ ያ በር ዳግመኛ እንደማይከፈትላት ታውቃለች። ደግሞም ትወዳቸዋለች።

ዕለቱ ደረሰ። ከፊት የየደብሩ ካህናት፣ ከኋላ መምህራንና ተማሪዎች፣ ዳር ላይ አቶ ፍቅርተማርያም ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። መሀል ላይ ደግሞ ሊቀ ጠያቂያን! ከማን እንደሰሙ አይታወቅም። ናዝራዊት ስታያቸው ማይኩን ወደ ራሷ ሳበች።

ጸሎቶቹን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ እያሳየች ያቀረበችው ንግግሯ በሰላም አለቀ። አቶ ፍቅርተማርያምን በስማቸው ጠርታ አመሰገነች፤ ተጨበጨበ። ወዲያው መሪጌታ ዕንባቆም ከፊት ተነሡ። «ልጄ፣ አቀራረብሽ ሸጋ ነው» አሉ። «ነገር ግን አባቶቻችን አንቀበልም ብለው ያለቁበትን ሃይማኖት ዛሬ በግድግዳ ልታሳዪን ነው?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ከኋላ አንዱ «እውነት ነው!» አለ። አቶ ፍቅርተማርያም ማንንም ሳያዩ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከዘራቸውን ያዙ።

በዚህ መሀል አንድ እጅ ወጣ።

«ጥያቄዬ አጭር ናት።»

አለቀልኝ፣ አለች በልቧ።

«እኔ ኮላ ድባ ፊደል ስቆጥር…» ብለው ጀመሩ ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ። የመምህራቸውን አለንጋ፣ የዚያን ዓመት ጤፍ፣ ወንዝ የወሰደባቸውን በግ ሳይቀር አወሱ። መሪጌታ ዕንባቆም ቆመው ቢጠብቁ ቢጠብቁ አላልቅ አላቸውና ተቀመጡ። ቁጣም ቆሞ መጠበቅ ይደክመዋል። «…ታዲያ አንድ ቀን ‹ሠ›ን ያለቦታዋ ብጽፍ መምህሬ ጀርባዬን ላጠው! እና ናዝራዊት፣ ያ የጻፍሽው ምንድን ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞረ። የካቶሊካውያኑ ጸሎት ነው፤ ናዝራዊት ግን በችኮላ «ሠዓሊ ለነ ቅድስት» ብላ ጽፋዋለች።

«በእሳቱ ሰ ቢሆን ‹ለምኝልን› ማለት ነው። በንጉሡ ሠ ግን እመቤታችንን ‹ሥዕል ሣይልን› ብለሻታል።» ወደ ዳር ዞሩ። «አያ ፍቅርተማርያም፣ እናንተ ዘንድ በየትኛው ነው የሚጻፍ?»

ሃይማኖታቸው ሲነካ ዝም ብለው ሊወጡ የነበሩት ሽማግሌ፣ በፊደል መጠርጠሩን ግን አልቻሉትም። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱት። «ምነው! በእሳቱ ሰ ነዋ! በአልፋው አ! እኔስ ቄስ ትምህርት ቤት አልተገረፍሁም?»

«እንደኛው!» አሉ መሪጌታ ዕንባቆም፣ ሳያስቡት።

አንድ ካህን ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። የሚሳቀው በናዝራዊት ነበር። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ሲሳቅባት ደስ ብሏት አያውቅም። መሪጌታ የሱስንዮስን ነገር አልተዉም፤ ወደ ሻይ ሰዓት አሸጋገሩት እንጂ። ሻይ ላይ ግን ከአቶ ፍቅርተማርያም ጋር የማን መምህር ይበልጥ ክፉ ገራፊ እንደነበር ሲከራከሩ ረሱት።

ሲወጡ ናዝራዊት ጎረቤቷን በር ላይ ያዘቻቸው። «ጋሼ፣ እኔን ለማዳን ብለው ነው አይደል?»

«ከምን?» አሉ፣ ግራ ገብቷቸው። «እኔ ያየሁት ፊደሉን ነው። ደግሞስ መቼ አስጨረሳችሁኝ? ያ መግቢያው ነበር፤ ጥያቄዬ ሌላ ናት።»

ፊታቸው ላይ እውነተኛ ቅሬታ ነበር። ባጃጅ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ናዝራዊት በእጇ «ሂድ» አለችውና ክንዳቸውን ያዘች።

«በእግራችን እንሂድ» አለቻቸው። «ጥያቄዎ ምን ነበረች?»

ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አጭር ናት» አሉ።