እግሩ ደህና ነው

ሰው ሲሰድበኝ መልስ አላጣም፤ እኔን የሚያስፈራኝ ሙገሳ ነው። ትስቁ ይሆናል። ሮተርዳም ውስጥ አረጋውያንን ስንከባከብ ስለኖርኩ ግን የሙገሳን ጠባይ አውቀዋለሁ። «አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ!» ከተባልኩ፣ በዚያ ቀን ከአልጋ የሚነሱት ከባዱ ሽማግሌ የእኔ ድርሻ ናቸው ማለት ነው። ጀርባዬን የሚጠይቅ የለም። ጠንካራ ሰው ጀርባውን አያመውም መሰለኝ።

ልጄ ናሆም የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወታል፤ ያንን ሄልሜት ደፍተው እንደ በሬ የሚላተሙበትን ጨዋታ። ቦታው ኳርተርባክ ነው። ኳሷ ለማን እንደምትወረወር፣ ማን ወዴት እንደሚሮጥ የሚወስነው እሱ ነው። እራት ቀርቦ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ወረቀት ላይ ቀስት ሲስል ታገኙታላችሁ። በዚሁ ቦታ ከእሱ ጋር የሚፈራረቀው ዳን የሚባል ጨዋ የሆላንድ ልጅ ነው። ታዲያ በድምፅ ማጉያ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰውዬ፣ ዳን ሲወረውር «ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው! ሁሉን ቀድሞ አስቦታል!» ይላል። ናሆም ያንኑ ሲወረውር ደግሞ «ምን ዓይነት ጉልበት ነው! እግሩን እዩት! ሲፈጠርም እንዲህ ነው!» ወረቀት የፈጀበት ሐሳብ ሁሉ እግሩ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ጎረቤቴ አቶ ተስፋይ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ናቸው፤ ጨዋታ ባለ ቁጥር በመኪናቸው ያደርሱኛል።

«እያመሰገኑት እኮ ነው፣ ምን ያስኮርፍሻል?» አሉኝ አንድ ቅዳሜ።

«አላኮረፍኩም፣ ፈርቼ ነው» አልኳቸው።

አፌን ሳልዘጋ ሁለት ግዙፍ ልጆች ከግራና ከቀኝ መጥተው ናሆምን አነጠፉት። ጭንቅላቱ መሬት ሲመታ የሄልሜቱ ድምፅ እኛ ዘንድ ድረስ ተሰማ። አሰልጣኙ ሮጦ ደረሰ። ጉልበቱን አጠፍ ዘርጋ አደረገው፣ ቁርጭምጭሚቱን ጨመቅ ጨመቅ አደረገና አውራ ጣቱን አሳየን። «አይዟችሁ፣ እግሩ ደህና ነው!» አለ ድምፅ ማጉያው። «ይሄ ልጅ ብረት ነው!» ሰዉ አጨበጨበ።

ብረቱ ተነሳና ሄዶ ከተጋጣሚው ቡድን ጋር ተሰለፈ።

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ ግን ሜዳውን የከበበውን ገመድ አልፌ እንዴት ሜዳ ውስጥ እንደገባሁ አላውቅም፤ ብቻ ትከሻውን ይዤዋለሁ። «ናሆሜ፣ ማን እየመራ ነው?»

«ጨዋታው መቼ ነው የሚጀመረው፣ ማሚ?»

ጨዋታው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር።

አሰልጣኙ ፈገግ ብሎ «አታስቢ፣ ጠንካራ ልጅ ነው» አለኝ። የማውቀው የሆላንድ ቋንቋ ሁሉ ጠፋብኝ። «ጭንቅላት!» ብዬ ጮህኩ። «ይሄም ልጅ ጭንቅላት አለው!» ያኔ ዳን ሮጦ መጥቶ የናሆምን ክንድ ያዘና አሰልጣኙን ትክ ብሎ አየው። «እኔ ብሆን እስካሁን አስወጥተኸኝ ነበር» አለው።

ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ናሆም ያንኑ ጥያቄ መንገዱን ሙሉ ደጋገመው። «ገና ነው፣ ልጄ» እለዋለሁ፤ አቶ ተስፋይም መኪናቸውን ያበሯታል። ሐኪሟ አንጎሉ ክፉኛ መናወጡን ነገረችን። «ተመልሶ ተጫውቶ ሌላ ምት ቢደርስበት ኖሮ…» ብላ ተወችው። እሷ ተወችው እንጂ እኔ እስካሁን እየጨረስኩት ነው።

ተሻለው፣ ተመስገን። አሰልጣኙም ቤታችን ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ናሆምን ወደ ሜዳ እንዳይመለስ ለምኜው ነበር፣ ግን ትልቅ ልጅ ማን ይሰማል? ተመለሰ። አሁን በወደቀ ቁጥር አሰልጣኙ አጠገቡ ተንበርክኮ «የእናትህ ስም ማን ነው?» ይለዋል። ናሆምም ሰማይ እያየ «አልማዝ!» ብሎ ይጮሃል። ተመልካቹ ስሜን ለምዶት አብሮ ይጠራኛል፤ አቶ ተስፋይም ይስቃሉ። እኔ ግን ልጄ እስኪጠራኝ ድረስ አልተነፍስም።