ስለ ወንዝ ዳሩ ሣር ዘመቻና ስለ ገንዳው አመጣጥ

ከጥንት ጀምሮ ወንዝ ዳር የዘመተ ብዙ ነው፤ ወንዝ ዳርን በአንድ ማጭድ ድል ነሥቶ ቤቱን ከውኃ ሸክም ነጻ ያወጣ ግን ከእኔ በቀር አልተወለደም። የዚህ ዜና ጀግናዋ እኔ ነኝ፤ ጸሐፊዋም እኔው ነኝ፤ ሌላ ጸሐፊ ብንፈልግ ማን ይመጣልናል። ስለዚህ ራሴን አንቱ እያልኩ እጽፋለሁ፤ ቤታችን ውስጥ እንዲህ የሚለኝ የለምና ቢያንስ ወረቀቱ ይበለኝ።

ንወጥን እንከ፤ እንግዲህ እንጀምር። በዘመነ ጀሪካን፥ ቀይዋ ላም መንታ በወለደችበት፥ የጓሮው በር ማጠፊያ ተገንጥሎ በገመድ በታሰረበት ዓመት፥ ክንደ ብርቱ፥ አንገተ ዘማማ፥ መዋኢተ ሣር እቴጌ ጀሪካን ነበሩ። ይህን ስም ያወጣላቸው አጎታቸው ነው፤ ከወንዝ ውኃ እየቀዱ፥ ዳገቱን እየወጡ፥ ጥጆችን እያጠጡ፥ ተመልሰው እየወረዱ ሲኖሩ አይቶ፥ እሱ ግን ጀሪካኑን አንድ ቀን እንኳ ሳይቀበላቸው።

ወእምዝ ከእርሻ ቢሮ እንዲህ የሚል አዋጅ ወጣ፦ «ወንዝ ዳር ያለ መሬቱን ያላረሰ፥ ከብት ያላስገባበት፥ እንዳለ የተወ ገበሬ፥ ለከብቱ ማጠጫ ገንዳና ፓምፕ ከመንግሥት ያገኛል። ባለሙያ መጥቶ ያያል።» ላሞቻችን ሊጠጡ በወረዱ ቁጥር ዳሩን እየናዱት፥ አፈራችን ተጠርጎ ለማናውቀው ሰው ማሳ ሲሳይ ሆኖ ነበርና፥ የእርሻው ገዢ እናታችን ተመዘገበች። ዳሩንም በሽቦ አጥራ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ከአጥሩ ወዲያ ላም ካየሁ፥ የማስረው ላሟን አይደለም።»

ላሞቹም ወንዝ ስለ ተከለከሉ፥ የእነሱም ጥም በእቴጌይቱ ትከሻ ላይ ወደቀ። እቴጌይቱም ስለ ፓምፑ ብለው ቻሉት። ቧንቧ ሲንፏፏ በሕልማቸው እያዩ፥ ጀሪካኑን አንድ ቀን ከገደል እንደሚወረውሩት እየማሉ፥ በጋውን ገፉት። ሣሩም ደረት ደረሰ።

ባለሙያው በሚመጣበት ዕለት እናታችን ልትቀበለው በማለዳ ወደ መንገድ ወጣች። እቴጌይቱ ወንዝ ዳሩን አዩና ደማቸው ፈላ። አረም፥ ለዚያውም በእንግዳ ፊት። በዘራቸው ማሳው አረም የወረሰው ሰው ሠርግ ቤት እንኳ ጥግ ነው የሚቀመጠው። መሬቱን አትረሱ ተባለ እንጂ ፊታችሁን አትታጠቡ አልተባለም ብለው ተነሡ፤ እንዲህም ሲሉ አወጁ፦ «ማጭድ የያዝክ ውጣ። ማጭድ የሌለህ ማጭድ የያዘችውን ተከተል። የቀረ ሰው ዛሬ ላሞቹን እሱ ያጠጣል።»

የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ በቀኝ መንታዎቹ ጥጆች፥ አጥር እስኪያግዳቸው ድረስ፤ በኋላ ጅራተ ቆራጣዋ ውሻ፤ ማንም ያልጠራት ፍየል፤ በግራም አጎታቸው፥ ፈረስ ባይኖረውም የፈረስ ስሙ አባ ነገ፥ ሥራን ሁሉ ነገ የሚጀምር። እቴጌይቱም ግዛቱን ከፈሉ፤ ከዘመመው ዛፍ ወዲህ ለራሳቸው፥ ከዛፉ ወዲያ ለአባ ነገ።

ወበይእቲ ዕለት ታላቅ ጦርነት ሆነ። ሣሩ ረድፍ በረድፍ ወደቀ። ሳማ የሚባል ሽፍታ አድፍጦ እግራቸውን ቢለበልባቸው አለቀሱ፥ ነገር ግን ለዘዴ ያህል ነው። አንዲት እንቁራሪት ተማርካ ምሕረት ተደረገላት። ፍየሊቱ የሣሩን ምርኮ በላች። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ የእቴጌይቱ ግዛት እንደ ተላጨ ራስ ለሰለሰ። አባ ነገ ግን «ማጭዴን ልሳል» እንዳለ ከዛፉ ወዲያ ከሣሩ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ፤ የተሰማው ማንኮራፋቱ ብቻ ነው።

ወእምዝ ባለሙያው ቦት ጫማውን አድርጎ፥ ሜትሩን በኪሱ ይዞ፥ ከእናታችን ጋር ወረደ። እቴጌይቱ ማጭዳቸውን እንደ በትረ መንግሥት አንሥተው ምስጋና ይጠብቁ ጀመር። ባለሙያውም መሬቱን አይቶ እንዲህ አወጀ፦ «እኛ ገንዳ የምንሰጠው እኮ ለሣሩ ብለን ነው። አፈሩን አንቆ የያዘው እሱ ነበር። ማነው እንዲህ የላጨው?»

እናታችን ማጭዱን አየች፤ የያዘችውንም አየች። ነጠላዋንም አጥብቃ ታጠቀች። የሚያስፈራው ይኸው ነው። የፓምፑ ሕልም በእቴጌይቱ ዓይን ፊት ወንዙን ተከትሎ ሲወርድ ታያቸው።

ከዛፉ ወዲያ ግን ሣሩ እንዳለ ቆሞ በነፋስ ይወዛወዝ ነበር። ባለሙያው ገባበት፤ አንዲት ወፍ ከጎጆዋ ብር አለች፤ ሰውየውም ፈገግ እንዳለ አንድ ለስላሳ ነገር ረገጠ። አባ ነገ ነበር። ባለሙያውም «ይህን የመሰለ ጥበቃ የማን ሥራ ነው?» ብሎ ቢያውጅ፥ አባ ነገ ዓይኑን እያሸ፥ ጉንጩ ላይ የሣር ሰንበር እንደ ታተመ፥ ምንም ሳያፍር «የእኔ» አለ።

ፍርዱም እንዲህ ሆነ፦ «በዚህኛው በኩል ላለው ሣር ገንዳው ይሰጣችኋል። ፓምፑ ግን የሚሰጣችሁ የተላጨው ሣር በቅሎ ሳየው ነው።» የአባ ነገንም እጅ ጨበጠ፤ ለጎረቤት ገበሬዎች ምክር እንዲሰጥም ለመነው፤ እሱም ነገ እሰጣለሁ አለ።

ገንዳው መጣ። ሰፊ ነው፥ ጥልቅ ነው፥ ሁለቱ ጥጆች ቢዋኙበት አይጣበቡም። እንግዲህ ያለ እቴጌይቱ ዘመቻ የአባ ነገ ሣር ቁመቱ በምን ይታወቅ ነበር? አጭር ከሌለ ረዥም የት ይገኛል? ስለዚህ ኦ መዋኢተ ሣር፥ የገንዳው እናት፥ የሳማ ቀጪ፥ ስምሽ ከትውልድ ወደ ትውልድ፥ ከምንጭ እስከ

እዚህ ላይ እናቴ ከግቢ ሆና እንዲህ ስትል አወጀች፦ «አንቺ፥ ታሪኩ ይቆይሽ፤ ገንዳው ባዶ ነው።»