አቶ ማዕረግ የተገነዙበት ሥልጠና

የደባርቅ ሕዝብ ብዙ ነገር ቢጎድለውም፣ ከሁሉ የከፋው ችግር ጥንታውያን ግብፆች ሬሳ እንዴት ይገንዙ እንደነበር አለማወቁ መሆኑን የተረዳ አንድ ጽሕፈት ቤት ነበር። ስሙን ለክብሩ ስንል አንጠራውም። ኃላፊው አቶ ማዕረግ እንዳስረዱት፣ ተከዜ የስሜንን እግር አጥቦ ወርዶ ወርዶ ግብፅ ይገባል፤ ውሃችን የሄደበትን አገር እምነት አለማወቅ ደግሞ ሴት ልጁን ድሮ የገባችበትን ቤት እንደማያውቅ አባት መሆን ነው። ሠራተኛው ሁሉ ራሱን በሐዘን ነቀነቀ።

ስለዚህ ከአንድ ክፍል በማትበልጠው ሙዚየማቸው፣ በዋልያው ቀንድና በተበጠሰው በገና መካከል፣ የተግባር ሥልጠና ተዘጋጀ። አሠልጣኙ ደርቤ አዲስ አበባ ጥቂት ቀን ሠልጥኖ የተመለሰ ወጣት ነው። ሬሳ የሚሆን ሰው ሲፈለግ የጥበቃ ሠራተኛው ፈቃደኛ ነበር፤ አቶ ማዕረግ ግን ፈርዖንን በዘበኛ ማስወከል የተቋሙን ገጽታ ያበላሻል ብለው ራሳቸው ጠረጴዛው ላይ ወጡ። ሟች ማኅተም አይይዝምና እሱን ለምክትላቸው ለወይዘሮ ሰገነት በውክልና አስረከቡ።

ደርቤ ጥንታውያኑ አንጎልን አይጠቅምም ብለው በአፍንጫ ጎትተው ያወጡት እንደነበር አስረዳ። ይህ ደረጃ ለጽሕፈት ቤቱ አስፈላጊ ሆኖ ስላልተገኘ ታለፈ። ከዳባት ድረስ የመጣው ፋሻ ከእግራቸው ተነሥቶ እስከ አፋቸው ተጠመጠመ። የደባርቅን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ይደላል፤ አቶ ማዕረግም ደላቸው።

ቀጥሎ የልብ ሚዛን መጣ። በግብፆች እምነት የሟች ልብ ከላባ ከከበደ ኃጢአተኛ ነው። በልባቸው ፋንታ አንድ ድንች፣ በሌላው ወገን የዶሮ ላባ ሚዛኑ ላይ ተቀመጠ፤ ላባው ሽቅብ ተሰቀለ። ሠራተኞቹ ተያዩ። ኃላፊን ኃጢአተኛ አድርጎ የሥራ ምዘና መጠበቅ ከባድ ነው። ከአጭር ምክክር በኋላ ዶሮው ራሱ ከነላባው ሚዛኑ ላይ ወጣ። ድንቹም ብድግ አለ። ደርቤ የኃላፊው ልብ ቀላል ሆኖ መገኘቱን አበሠረ፤ ተጨበጨበ። አቶ ማዕረግ ቀላል መባል ትንሽ ቢከነክናቸውም፣ በግብፆች ዘንድ ሙገሳ ነው ብለው ተጽናኑ።

በዚህ መካከል የሺወርቅ ገባች። ከበየዳ የመጣች ናት፤ የሟች ባሏን ለቱሪስት በቅሎ የማከራየት ተራ በስሟ ለማዛወር ስትመላለስ ክረምትና በጋ ተፈራርቆባታል። ኃላፊው ተገንዘው፣ ሠራተኛው ዙሪያቸውን ቆሞ ስታይ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ደርቤ ለጨዋታው ምስክር ያገኘ መስሎት፣ ሟቹ አስለቅሰዋት ያውቁ እንደሆነ ጠየቃት።

"ለሞተ ሰው ክፉ አይወራም" አለች ቀስ ብላ። "ነገ ነይ ይሉኝ ነበር። በመጣሁ ቁጥር ነገ። ምን ያርጉ፣ ነገያቸው ሳይደርስ ጠራቸው። እኔም የቀረችኝን አንዲት በቅሎ ልሸጣት ነው። ይቅር ብያቸዋለሁ፤ እግዜር ነፍሳቸውን ይማር።"

አቶ ማዕረግ የሺወርቅን እስከ መጨረሻው ሲሰሟት የመጀመሪያቸው ነበር፤ አፋቸው ታስሮ ማቋረጥ አልቻሉም። "ፈርሙላት" ለማለት ታግያለሁ ይላሉ ዛሬ፤ የተሰማው ግን ማቃሰት ብቻ ነው። ወይዘሮ ሰገነት የኃላፊያቸውን ሐሳብ እንደዚያን ቀን ተረድተውት አያውቁም፤ ወረቀቷ ላይ ፈርመው ማኅተሙን አሳረፉበት። ወሬው ደጅ ሲደርስ የቆመው ባለጉዳይ ሁሉ በየተራ ገብቶ አስፈረመ፤ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ግቢው ባዶ ሆነ።

ፋሻው ተፈትቶ ሟች ቀና ሲሉ የሺወርቅ አማተበችና ወረቀቷን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠች። የፈራችው የእሳቸውን መነሣት ሳይሆን የፊርማውን መሻር ነበር። አቶ ማዕረግ ግን አልሻሩም፤ ዓይኗን ማየትም አልሆነላቸውም።

ሥልጠናው ለመልካም አስተዳደር ያበረከተው አስተዋጽኦ ለበላይ አካል ወዲያው ሪፖርት ተደረገ። ሰንበት ብሎ የባለጉዳዮች ተወካይ ሽማግሌው ላቀው መጥተው ሥልጠናው እንዲደገም ለመኑ። አቶ ማዕረግ ሕዝቡ ለባህል ያለው ጥማት ልባቸውን ነክቶት እሺታቸውን ገለጹ።

"እግዜር ይስጥልን" አሉ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው። "ታዲያ አንድ ነገር አደራ። ያ አሠልጣኝ ልጅ እንደነገረን፣ ጥንቶቹ አንዱን ሰው ገንዘው ለመጨረስ ሰባ ቀን ይፈጅባቸው ነበር አሉ። የአበውን ሥርዓት አናጓድል፤ እርስዎም ሰባውን ቀን ሙሉ ይተኙልን።"